ባለ ጋቢው ሣጥን፦ የወይዘሮ ዘቢደር መልከ ጼዴቅ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዘቢደር ከአባታቸው ከመሪጌታ መልከ ጼዴቅ አገኘሁና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጠች ደምለው፣ ጉም ደጃፍ ድረስ በወረደበት አንድ የሰኔ ማለዳ፣ በ1948 ዓ.ም. በደረስጌ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሥላሴ ነው። አባታቸው የአብነት መምህር ነበሩና ቤታቸው ከተማሪዎቹ ጎጆ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። በልጅነታቸው ከሰዓት በኋላ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው፣ ዳዊት ሲደገም እያዳመጡ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር። «ቃሉን አልለየውም፤ ማጉረምረሙ ብቻ እንደ ካፊያ ይወርድብኛል» ይሉ ነበር።

በ1957 ዓ.ም. ደባርቅ አክስታቸው ዘንድ መጥተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በ1966 ዓ.ም. ከአቶ ደርቤ ሀብተ ሚካኤል ጋር በተክሊል ተጋብተው ሐመልማልንና ባርናባስን አፈሩ። አቶ ደርቤ ከዳባት ገበያ እህል የሚያመጡ ነጋዴ ነበሩ፤ በ2005 ዓ.ም. ቀድመዋቸው ዐረፉ። ወይዘሮ ዘቢደር ከ1995 እስከ 2009 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ቡይት ራስ በሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ሠርተዋል። እዚያ ያንገበግባቸው የነበረው ድካሙ ሳይሆን በየቀኑ ገደል የሚጣለው ልጣጭና ቅጠል ነበር።

በ2010 ዓ.ም. አንድ የግብርና ባለሙያ የወጥ ቤት ትራፊ እየበሉ ለም አፈር የሚያወጡ ቀይ ትሎችን በጣሳ ሰጣቸው። እርሳቸውም የጣውላ ሣጥን አሠርተው፣ እርጥብ ካርቶን አንጥፈው፣ ከመኝታቸው አጠገብ አኖሯቸው። የድንች ልጣጭና የጎመን ቅጠል ያበሏቸው ነበር፤ ሥጋና ቅቤ አያስነኳቸውም። የደባርቅ ብርድ ሲበረታም ቤተ ክርስቲያን የሚስሙበትን ጋቢ አለበሷቸው።

ነገር የመጣው በዚህ ጋቢ ነው። በየወሩ በ16 የሚሰበሰበው የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ጽዋ ከቤት ቤት ሲዞር፣ የእርሳቸው ተራ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ይውላል። የ2011 ዓ.ም. ተራቸው ደርሶ ማኅበርተኛው ሲገባ፣ ነጩን ጋቢ ሣጥን ላይ አየ። ገልጦም ትሎቹን አየ። ያን ቀን ዳቦው ሳይቆረስ ቀረ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ስጦታ ሳቅ እያፈናቸው፣ «እትዬ ዘቢደር፣ መቃብር ውስጥ የሚጠብቀንን ምነው ከአሁኑ ጎረቤት አደረጉት?» ቢሏቸው፣ «እንተዋወቅ ብዬ ነው፤ ኋላ እንግዳ እንዳልሆንባቸው» ብለው መለሱ።

ማኅበሩ በታኅሣሥ ስብሰባው ሣጥኑ ከቤት ካልወጣ ጽዋው ወደዚያ ቤት አይሄድም ብሎ ወሰነ። ወይዘሮ ዘቢደርም እሺ ብለው ሣጥኑን ጓሮ አወጡት። በሦስተኛው ቀን የታኅሣሥ ውርጭ ከትሎቹ ከግማሽ በላይ ፈጀ። የቀሩትን በመዳፋቸው ለቅመው ወደ ቤት መለሱ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ቴዎፍሎስ ሊያስታርቁ ቢመጡ፣ «አባቴ፣ ጽዋዬን እመቤቴ ትጠብቅልኛለች፤ እነዚህን ግን ውርጭ አይጠብቅልኝም» አሏቸው። ቄሱም የሚበሉትን ጠይቀው ሲያበቁ፣ «ከእኛስ እነሱ ተሻሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ናቸው» ብለው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የጽድ ችግኝ አንድ ቅርጫት አፈር ይዘው ሄዱ።

አምስት ዓመት እንዲሁ አለፈ። በየወሩ በሰው ቤት ተገኝተው ጽዋ ይጠጣሉ፤ ኅዳር ሲደርስ ጽዋው ደጃቸውን አልፎ ይሄዳል። ያን ቀን ግን ቤታቸውን ጠርገው፣ በሩን ከፍተው ይቀመጡ ነበር። ጉሙ ገብቶ ወንበሮቹ ላይ ዐረፍ ሲል፣ ጆሯቸውን ሣጥኑ ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ትሎቹ ሲበሉ የሚያሰሙት ሹክ ሹክ የሚል ድምፅ የአባታቸውን ተማሪዎች ያስታውሳቸው ነበር። በዚያ ሰዓት ደረስጌ ከግድግዳው ማዶ ያለች ትመስላቸዋለች።

በ2016 ዓ.ም. የልብ ሕመም ጸናባቸው። ሊጠይቁ የመጡትን ወይዘሮ ስጦታን የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ለእኔስ ሐመልማል አለች፤ ለሣጥኑ ልጣጭ ጣይልኝ።» ወይዘሮ ስጦታ አፍንጫቸውን ይዘው ከፈቱት፤ ቀስ ብለውም እጃቸውን ከአፍንጫቸው አነሡ። ዝናብ ያባራበት ጫካ ይሸታል። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ሁለቱም ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብለው ሲያዳምጡ ይገኙ ነበር።

ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ማኅበሩ የወይዘሮ ዘቢደርን ተራ ሊዘል ሲል ወይዘሮ ስጦታ ተነሥተው፣ «ጽዋው እትዬ ዘቢደር ቤት ይሂድ፤ ድግሱን እኔ እደግሳለሁ። የማይበላ ካለ ድርሻውን እኔ እበላለታለሁ» አሉ። ኅዳር 16 ቀን ጽዋው ገባ። ዳቦው ተቆረሰ፤ በትሎቹ አፈር አድጎ ከጓሯቸው የተቀነጠሰው ጎመንም አልተረፈም። ወይዘሮ ዘቢደር በትራሳቸው ተደግፈው ሁሉም ሲበላ አዩ። በማግሥቱ ሴቶቹ በየነጠላቸው ጫፍ ልጣጭ ቋጥረው «ለጾመኞቹ» እያሉ መጡ።

ወይዘሮ ዘቢደር የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች ትተዋል። ሣጥኑ ዛሬ ጠዋት ጋቢውን እንደለበሰ ወደ ወይዘሮ ስጦታ ቤት ተሻግሯል። ወይዘሮ ዘቢደርም በአፈራቸው ከጸደቁት የቤተ ክርስቲያኑ ጽዶች ሥር ያርፋሉ፤ በዚያም እንግዳ አይሆኑም።

አምላከ ቅዱሳን ነፍሳቸውን ከአባቶቻቸው ማኅበር ይደምርልን። ምድርን በእጃቸው ሲያለሰልሱ ኖረዋልና እርሷም ትለስልስላቸው። አሜን።