ለአዴላ የተላኩት ካልሲዎች

ውድ እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እዚህ ሳንታንደር ደህና ነን። አዴላ ጡት ጠብታ ስትተኛ ልክ እንደ አባባ ታንኮራፋለች።

የላክሽላት ካልሲዎች ደረሱኝ። በሐምሌ የበጋ ሙቀት የሱፍ ካልሲ! ባለቤቴ ኔል ጥቅሉን ሲፈታ «እናትሽ ልጅቷን ሰሜን ዋልታ ሊልኳት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ልጅቷ ሁለት የእግር ጣቶቿ ተጣብቀው መወለዷን በስልክ ስነግርሽ ምንም ሳትጠይቂ ካልሲ ላክሽላት። አማቴ ግን ዝም አላሉም። «ዘጠኝ ወር ሙሉ እንቁላል እየሰበርሽ በጫጩት እግር ስትጫወቺ ከርመሽ ምን ጠበቅሽ? ሰው ሳያይ ቆዳው ቶሎ ይቀደድላት እንጂ!» አሉኝ። ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ።

ሥራዬን በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። ስትጠይቂኝ «ዶሮ አረባለሁ» እያልኩ አሾፍብሻለሁ። እግራችን ማህፀን ውስጥ መጀመሪያ እንደ መቅዘፊያ ድፍን ነው። ኋላ በጣቶቹ መሐል ላሉት ህዋሶች ፕሮቲኖች «በቃችሁ፣ ሙቱ» የሚል መልእክት ያደርሷቸዋል። እነሱ ሲሞቱ ጣቶቹ ይለያያሉ። ዳክዬ ላይ ግን ሌላ ፕሮቲን መልእክቱን መንገድ ላይ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ቆዳው ሳይነካ ይቀራል። እኔም ቤተ ሙከራ ውስጥ ትንሽዬ ዶቃ በዚያ አስቀሪ ፕሮቲን ነክሬ እንቁላል ውስጥ ባለው ሽል ጣቶች መሐል አኖራለሁ፤ ጫጩቷ የዳክዬ እግር ታወጣለች። ፕሮቲኑ ከጓንቴ አልፎ ሆዴ እንደማይደርስ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ቢሆንም የልጄን እግር ሳይ እውቀቴ ሁሉ ጠፋኝ። እኔው ነኝ ያበላሸኋት ብዬ አለቀስኩ።

ካልሲዎቹ ሲመጡ የልጅነቴ የላሬዶ ባሕር ዳርቻ ትዝ አለኝ። ነሐሴ ላይ ሁላችንም ባሕሩ ውስጥ ስንንቦጫረቅ አንቺ ካልሲሽን እንዳደረግሽ አሸዋው ላይ ትቀመጪ ነበር። አክስቴ «ነይ እንጂ፣ ባሕሩ አይበላሽም!» ስትልሽ «ይበርደኛል» ትያታለሽ። እማዬ፣ በዚያ ሙቀት ምን ሊበርድሽ? እኔኮ አንድም ቀን እግርሽን አይቼ አላውቅም።

ሐኪሙ «ትሮጣለች፣ ትዋኛለች፣ መቅደድ አያስፈልግም» ብሏል። አማቴ ግን ቀጠሮ ካልተያዘ ብለው ይወተውታሉ፤ ኔልም እየተሸነፈላቸው ነው። አይሆንም ብዬ ለመቆም የጎደለኝ ነገር ያለው አንቺ ጋ ነው።

ካልሲዎቹን ለብርዱ ወራት አስቀምጬላታለሁ። እሁድ ላሬዶ ነይ፤ አማቴም ይመጣሉ። አዴላን በባዶ እግሯ አሸዋው ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ከጎኗ ላንቺ ቦታ እይዛለሁ። ለማንም ምንም መናገር የለብሽም። ጫማሽን አውልቂ፣ ከዚያ ካልሲሽን።

የልጅ ልጅሽን ሩጫ ለማየት እድሜውን ከነጤናው ይስጥሽ።

የምትወድሽ ልጅሽ