ክሪስፑሎ ወደ ጊምባል እየመጣ ነው

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ ለታታይ ፖምፔዮ ጋርጋኔራ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎስ እንዴት ነው? የባጃጁ ወንበር እየጎዳዎ እንደሆነ እናቴ ናናይ በስልክ ሹክ ብላኛለች፤ እርስዎማ ቢጠየቁም «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ አያውቁም። የናናይ ስኳር እንዴት ነው? ማንጎ በድብቅ መብላቷን ትታለች ወይስ አሁንም ከጓዳ ስትወጣ አፏን እየጠረገች ነው? አያቴ ሎላ ጆሮዋ ተሻላት? ወንድሜ ቶቶ ለፈተናው እያነበበ ነው ወይስ ከዶሮ ማፋለሚያው ሜዳ አልጠፋ አለ? ሰሞኑን የመታው አውሎ ነፋስ ጣሪያችንን ተወልን? እኔ ደህና ነኝ። ሩዝ አለ፣ ዓሣ አለ፣ አልጋዬ ጠባብ ብትሆንም ማንም አይጋፋኝም። የናናይ የባቾይ ሾርባ ብቻ ነው የሌለው፤ እዚህ ባቾይ ብለው የሚያቀርቡልን ነገር የእግር መታጠቢያ ውኃ ነው።

ይህን ነገር በስልክ ላወራዎ አልፈለግሁም። እርስዎ ስልክ ሲያነሱ ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮውን እንደሚያቆም አውቃለሁ፤ ደግሞም «ተይው ኢንዳይ፣ ተይው ልጄ» ብለው ይዘጉብኛል። ደብዳቤ ግን አፉን አይዘጋም። የሚያደርሱልዎ እንደ ታላቅ ወንድም የምናያቸው ማኖንግ ቲቡርስዮ ናቸው፤ ድሮ በመርከብ ሥራ ከእርስዎ ጋር የነበሩት፣ አሁንም ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ የሚሠሩት። ኮንትራታቸውን ጨርሰው ከኮቤ ወደ አገር ይገባሉ። በዚያው አውሮፕላን ክሪስፑሎም አለ። አዎ ታታይ፣ ያው ክሪስፑሎ። እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ሥራዬን ያውቁታል፤ ዲግሪዬን ይዤ የተቀመጥሁት የሽርሽር መርከቡ እንግዳ መቀበያ ላይ ነው። ቁልፍ የጠፋበት፣ ትራስ የደደረበት፣ «ባሕሩን አረጋጉልን» የሚል ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ከእርስዎ ዘመን ወዲህ የተለወጠው የጉርሻው ነገር ነው። ያኔ በመጨረሻው እራት በፖስታ ነበር የሚሰጠው። ዛሬ በየቀኑ ከእንግዳው ሂሳብ ላይ ተቆርጦ ለአስተናጋጁም፣ ለክፍል አጽጂውም፣ ለዕቃ አጣቢውም ይከፋፈላል። አልፈልግም ያለ እንግዳ እኔ ጋ መጥቶ ያስነሳዋል፤ እኔም መከራከር አይፈቀድልኝም፣ ፈገግ ብዬ መሰረዝ ብቻ ነው። እንዲህ ያስነሳ እንግዳ በእጁ ከሰጠ ደግሞ የተቀበለው ሰው ለጋራው ማስገባት አለበት። አንድ ነገር ግን እንደድሮው ነው፤ ሠራተኛ ጉርሻ አይጠይቅም። በቃልም፣ በዓይንም፣ በማቃሰትም ቢሆን። የጠየቀ በሚቀጥለው ወደብ ይወርዳል። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ለእኛ የነገሩን «ወገቤን አሞኝ ተውኩት» ብለው ነበር። እኔም አምኜ አድጌያለሁ። በገባሁ ሰሞን በሠራተኞች መመገቢያ ደረቅ ዓሣዬን ይዤ ማኖንግ ቲቡርስዮ አጠገብ ተቀመጥሁ። ደረቴ ላይ ያለውን ስም አንብበው «ጋርጋኔራ? የጊምባሏ? ደግሞ የፖምፔዮ ዘመድ ነኝ በዪኛ!» አሉኝ። ልጁ ነኝ ስላቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በከንፈራቸው ወደ በሩ ጠቆም አድርገው «ታዲያ ከዚያ ሰውዬ ጋር አንድ መርከብ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉ። ዞር ብዬ ባይ የምግብ አዳራሹ አለቃ ክሪስፑሎ ነው፤ ፀጉሩን ቀብቶ፣ ጫማውን አብርቶ፣ ላገኘው ሁሉ እየሳቀ።

ያን ቀን ሁሉን ነገሩኝ። ክሪስፑሎ የአስተናጋጆች ኃላፊ ሳለ በእርስዎ ጠረጴዛ የሚቀመጡትን እንግዶች በየኮሪደሩ እየጠበቀ «የፖምፔዮ ልጅ በጠና ታማለች፣ መድኃኒት መግዣ የለውም፣ በእኔ በኩል ብትልኩለት አደርስለታለሁ» ይላቸው ነበር። ያቺ የታመመችው ልጅ እኔ ነኝ ታታይ! እኔ ያኔ ማንጎ ዛፍ ላይ ነበርሁ! አንዲት እንግዳ «በበሽተኛ ልጅ ስም ተለመንን» ብላ ስትከስ ደግሞ ጣቱን ወደ እርስዎ ቀሰረ። እርስዎ በወደብ ወረዱ፤ የመርከብ ሠራተኛ የሚቀጥረው የማኒላው ወኪልም ስምዎን ሰርዞ ሌላ መርከብ እንዳይቀጥርዎ አደረገ። እሱ ግን በሹመት ወደ ላይ ወጣ። ቶቶ በትምህርት ቤት «የለማኙ ልጅ» ተብሎ ሲደባደብ ጥርሱን የሰበረው በምን እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ዓሣዬን መብላት አልቻልሁም።

እሱ ግን አላወቀኝም። በጊምባል የሁሉም የአባት ስም በ«ገ» ፊደል ስለሚጀምር፣ ጋርጋኔራ የሚባለውም ብዙ ስለሆነ፣ ከየትኛው ቤት እንደመጣሁ እንኳ አልጠየቀም። «አንቺም ከእኛው ከገዎቹ ነሽ ለካ! አይዞሽ ኢንዳይ፣ የአገር ልጅ አይጣልም» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም አመሰግናለሁ አልሁት። ያቺን «አመሰግናለሁ» እያላመጥሁ ስንት ወር ኖርሁ።

ደግሞም ልማዱን አልተወም። ጉዞው ሊያልቅ ሲል ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ጎንበስ ይልና «ከሂሳባችሁ ላይ የሚቆረጠው አስተናጋጅ ልጆቼ ጋ አይደርስም፤ መቀበያው ላይ አስነሱትና ለእኔ በእጄ ስጡኝ፣ እኔ አከፋፍላለሁ» ይላቸዋል። የዋሆቹ እኔ ፊት ተሰልፈው ያስነሳሉ። እኔም ፈገግ ብዬ የጓደኞቼን እንጀራ በገዛ ጣቴ እሰርዛለሁ። ለልጆቹ ግን ሰባራ ሳንቲም አይደርሳቸውም። ጌዴ የሚባል ከባሊ ደሴት የመጣ ልጅ አለ፤ ቀልደኛ አስተናጋጅ ነው፣ ለምን አትናገሩም አልሁት። «እህቴ፣ ጠረጴዛ የሚያድለን እሱ ነው። አፌን ከከፈትኩ ነገ ሽንት ቤቱ በር ላይ ያለችውን ጠረጴዛ ነው የሚሸልመኝ። እዚያ ደግሞ ጉርሻ የሚሰጠኝ የቸኮለ ሰው ብቻ ነው» አለኝ። ማኖንግ ቲቡርስዮም «ማን ይመሰክርልሻል? አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ» አሉ። ታታይ፣ ማረፍ ከየት አባቱ ይምጣልኝ? ነገር ሆዴ ከገባ እንደማይተኛልኝ ያውቃሉ።

በዚህ መሐል ሚስተር ኡቺቦሪ መጡ። ኦሳካ አካባቢ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ክራቫታቸው ቀጥ ያለ፣ ንግግራቸውም እንደ ባቡራቸው ሰዓቱን የጠበቀ። ያ በማታ የተማርሁት፣ ናናይ «ለማን ልታወሪው ነው?» ያለችኝ ጃፓንኛ ለእሳቸው ሆነ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ሊጠይቁኝ እንደሚያፍሩ ነገሩኝ። በአገራቸው ለአስተናጋጅ ገንዘብ መስጠት እንደ ስድብ ነው። በጸደይ በዚሁ መርከብ ሲሄዱ ግን የምግብ አዳራሹ አለቃ ስለመከራቸው አዲስ ብር በነጭ ፖስታ አድርገው፣ ለአስተናጋጆቹ ሁሉ እንዲያካፍልላቸው በሁለት እጃቸው ሰጡት። በማግስቱ ከልጆቹ አንዱም ቀና ብሎ አላመሰገናቸውም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ አጥተዋል። «ሳላውቅ አስቀይሜያቸዋለሁ መሰለኝ። ፖስታው ነው ያስቀየማቸው ወይስ አሰጣጤ? እንዴት አድርጌ ይቅርታ ልጠይቅ?» አሉኝ።

ተሰረቅሁ ብለው አልጠረጠሩም ታታይ! ባለጌ ሆንሁ ብለው ነው የተጨነቁት። እውነቱን እዚያው ልነግራቸው እችል ነበር። አልነገርኋቸውም። «በእኛ ዘንድ የዚህ ዓይነት ይቅርታ የሚጠየቀው በአደባባይ ነው። በመሰናበቻው እራት ልጆቹ ዘፍነው ሲጨርሱ ይነሡና በአለቃው ፊት ይጠይቋቸው፤ እኔ አስተረጉምልዎታለሁ» አልኋቸው። እንዲህ ያለ ልማድ በጊምባልም በየትም የለም፤ ከአፌ የወጣው ያኔ ነው። እሳቸው ግን እንደ ትእዛዝ ተቀብለው ጎንበስ አሉልኝ።

እራቱ ደረሰ። ልጆቹ ናፕኪን እያውለበለቡ በጠረጴዛዎቹ መሐል ዞሩ፣ ክሪስፑሎ ከፊት ከፊት እየመራ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሚስተር ኡቺቦሪ ተነሡ። ራሳቸው ጉልበታቸው ሊነካ እስኪቃረብ ጎነበሱና አልቀና አሉ። እኔ ከአጠገባቸው ቆሜ አንድም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምሁ፦ «በጸደይ በአቶ ክሪስፑሎ እጅ ለሁላችሁም የላክሁት ፖስታ አስቀይሟችሁ ከሆነ ይቅር በሉኝ። አገሬ እንዲህ ያለ ልማድ የለም።» ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ጌዴ፣ ያ አፌን አልከፍትም ያለው ጌዴ፣ ናፕኪኑን ትከሻው ላይ እንደጣለ «የምን ፖስታ?» አለ። ሊቀልድ አልነበረም፤ እውነቱን ነው የጠየቀው። ወዲያው ከመስኮቱ በኩል አንዲት ሴትዮ ተነሥታ «እኛም እኮ ትናንት ሰጥተነዋል!» አለች። ሌላውም «እኛም!» አለ። ሌላውም። የመስተንግዶው ዋና ኃላፊ ሹካውን እንደያዘ ቀረ። ክሪስፑሎ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደደረቀ ናፕኪኑን ቀስ አድርጎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ታታይ፣ ያቺን ፊት ሥዕል አስነሥቼ ብልክልዎ ደስ ባለኝ!

በማግስቱ ጠዋት፣ ኃላፊው ጉዳዩን ከመስማቱ በፊት፣ የደንብ ልብሱን አውልቆ እኔ ጋ መጣ። «ኢንዳይ፣ ሽማግሌው የተናገረውን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ሌሎቹን እንግዶች እኔ አባብላቸዋለሁ። ‹ቋንቋው አምታታኝ› በዪልኝ። ጡረታዬ እኮ ደርሷል። የአገርሽ ልጅ ነኝ» አለ። የፖምፔዮ ልጅ መሆኔን ነገርሁት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ፤ መጀመሪያ ፈራ፣ ቀጥሎ አሰበ፣ ከዚያ እንደ ነጋዴ ሆነ። «እንግዲያማ ይሻላል! የማኒላውን ወኪል አውቀዋለሁ። አንዲት ቃል ብናገር የአባትሽ ስም ይጸዳል። አንቺ እኔን አድኚኝ፣ እኔም የእሱን ስም ላድንልሽ» አለኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፤ አጥብቄ የምፈልገውን ነገር በእጁ ይዞ ቆሟል። ግን ያንን ስም ከእሱ በስጦታ ብቀበል በሕይወትዎ ሙሉ ባለውለታው ይሆኑ ነበር። ስለዚህ ያን ጊዜ በሹማምንቱ ፊት በእርስዎ ላይ የተናገረውን ቃል፣ ማኖንግ ቲቡርስዮ እንደነገሩኝ አድርጌ መለስሁለት። ለእንግዳ የምሰጠውን ፈገግታ ሰጥቼ «ይቅርታ ጌታዬ፣ በመርከብ ላይ መለመን ክልክል ነው» አልሁት። «እንደ አባትሽ ደረቅ ነሽ» ብሎኝ ሄደ። ከሰማሁት ምርቃት ሁሉ እሱን ወድጄዋለሁ።

ኃላፊው ዘንድ ሁሉንም እንደነበረ ተረጎምሁ። የእርስዎንም ጉዳይ ሳልጠየቅ ተናገርሁ፤ ማኖንግ ቲቡርስዮም ገብተው ያዩትን መሰከሩ። ኃላፊው የቆየ ነገር ነው፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት አሳውቃለሁ፣ ተስፋ ግን አልሰጥሽም አለኝ። እኔም ተስፋ አልጠበቅሁም። እኔ በሚቀጥለው ዓመት የመቀበያው ምክትል እሆናለሁ፤ ያኔ እሱ ቢረሳም እኔ በየሳምንቱ አስታውሰዋለሁ። ክሪስፑሎ ግን ኮቤ ላይ ይወርዳል።

ሚስተር ኡቺቦሪ ሲሰናበቱኝ ከእኔ ይልቅ እሳቸው አዝነው ነበር። በእኔ ጥያቄ ሰው ተዋረደ አሉ። አላጠፉም፣ ልጆቹም አልተቀየሙዎትም አልኋቸው። «ታዲያ በደንብ ጠየቅሁ?» አሉኝ። እጅግ በደንብ አልሁ። ልማዱን ፈጥሬ ማሞኘቴ ትንሽ ይቆጠቁጠኛል። በክሪስፑሎ ላይ ስለደረሰው ግን ቅንጣት አልጸጸትም፤ ቢደገም እደግመዋለሁ።

አሁን እሱ ጊምባል መምጣቱ አይቀርም፤ ሌላ ቤት የለውም። እንደማውቀው ካርቶን ሙሉ ስጦታ አሸክሞ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት በጓሮ በር ይመጣል። አደራዎን ካርቶኑን አይቀበሉ። «ያለፈው አለፈ» ካለዎትም ዝም ይበሉት፤ ዝምታ ይችሉበታል። በፊት በር ይምጣ። የባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ ያኔ ሐሜቱን የሰሙት ጆሮዎች በሙሉ እያሉ፣ «ለማኙ እኔ ነበርኩ» ይበል። እስኪል ድረስ ወንበር አይስጡት። ካለ በኋላ ይቅር ማለት የእርስዎ ፋንታ ነው፤ እርስዎ ከእኔ የተሻሉ ሰው ነዎት። እኔ ግን አልምረውም።

ናናይን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ እንግዳ ባየች ቁጥር ሩዝ ለማቅረብ ስለምትነሣ ያን ቀን ያዝ አድርጓት። ለሎላ ጮክ ብላችሁ አንብቡላት፣ በተለይ ናፕኪኑ ጋ ስትደርሱ። ቶቶን በርታ በሉልኝ፤ ክሪስፑሎን ሲያይ ድንጋይ እንዳያነሣ፣ ዝም ብሎ የተሰበረውን ጥርሱን ያሳየው። ማኖንግ ቲቡርስዮን በደንብ አብሏቸው፣ የእርስዎንም ወንበር ስጧቸው። እርስዎን ደግሞ ታታይ፣ እንደ ልማዳችን የእጅዎን ጀርባ በግንባሬ ነክቼ እሰናበትዎታለሁ። ከእንግዲህ ማንም ከመርከብ ለምን ወረድህ ብሎ ቢጠይቅዎ ወገቤን አሞኝ ነው አይበሉ።

ልጅዎ ፍሎርዴሊዛ
ኮቤ ወደብ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2018