ያልጠየቅሁት ይቅርታ

ሰኞ፣ ሜይ 6፣ 1996። ጠዋት 4 ሰዓት
ልጄ ሜሮን የአስም መርጫዋን ሁለቴ ስባ ት/ቤት ሄደች። ነፋሱ ከቀለም ፋብሪካው በኩል ነው፤ መስኮት መክፈት የለም። ያጠብኩት ልብስ ሽታውን ስለያዘ እንደገና እየዘፈዘፍኩት ነው።

ፖስታ መጣ። ከፋብሪካው ጠበቃ! ሦስቴ አነበብኩት። ፋብሪካው ልስፋ ብሎ ማዘጋጃ ቤት አመልክቷል፤ እኔ ደግሞ ጭሱ ልጄን ያሳምማል፣ አትፍቀዱለት ብዬ ለሰፈር ጋዜጣ ጻፍኩ፣ ሰፈራችንን ሜድስቶንን ቤት ለቤት ዞሬ ፊርማ አሰባሰብኩ። አሁን ስማችንን አጥፍተሻል ይላሉ። የጻፍኩት ሐሰት ነው ብዬ እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ ካልፈረምኩና አቤቱታውን ካላነሳሁ፣ ፍ/ቤት። ደብተሬ፣ ያለን ነገር ይቺ ብድሯ ያላለቀ ቤት ብቻ ናት።

ማክሰኞ፣ ሜይ 7
ባለቤቴ ዳዊት ፈርሚ ይላል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አለኝ። ኳስ ሲያይ ያንን አፉን ባየው! ሳቅን። ቤቱን ሲያነሳ ሳቃችን አለቀ። ሰንሻይን ሰፈር ካለው መጋዘን ውስጥ ሁለታችንም ስንት ኦቨርታይም ሠርተን የገዛናት ናት። ፈሪ ነው ልለው አልችልም። እኔም ፈርቻለሁ።

ሐሙስ፣ ሜይ 9። ከሰዓት 9፣ ባቡር ውስጥ
ኬንሲንግተን ሰፈር ነጻ የሕግ ምክር ከሚሰጡበት ቢሮ እየተመለስኩ ነው። ጠበቃዋ ልጅ እግር ናት፣ ፈጣን ተናጋሪ። እንዲህ ያለው ክስ ለማሸነፍ ሳይሆን ለማድከም ነው አለች። አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ግዛቶች ሕግ አውጥተውለታል። ሰው በሕዝብ ጉዳይ ስለተናገረ ብቻ ሲከሰስ፣ ዳኛው ክሱን ገና ከጅምሩ ይጥለዋል። እዚህ አገርስ? አልኳት። የለም፤ ገና ነው። ግን የጻፍኩትን ማስረዳት ከቻልኩ መከላከያ አለኝ። የሐኪም ወረቀት ሰብስቢ አለች። ያለ እሷ ለፋብሪካው አንድ ቃል እንዳልጽፍ፣ እንዳልናገር።

ይገርማል። አገሬ ሳለሁ ስናገር የምፈራው መንግሥትን ነበር። እዚህ መንግሥት ተናገሪ ይለኛል፣ አፌን የሚይዘው ቀለም ሻጭ ነው። ለፍርሃቱ ያው ነው።

እሑድ፣ ሜይ 12። ከቸርች መልስ
ጋሼ ተሰማ ፊታቸው በርቶ ጠሩኝ። የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፣ እኔንና ዳዊትንም የዳሩን እሳቸው። ዳዊት ረቡዕ ዕለት ነግሯቸው ኖሯል። ዓርብ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ሱፍ ለብሰው፣ ፋብሪካው ድረስ ሄደው አስታርቀውኛል! ሥራ አስኪያጁ ሻይ ጋብዞ፣ ያሉትን ሁሉ እየጻፈ ሰማቸው።

ምን አሉት ጋሼ? አልኩ።

“ምን እላለሁ ልጄ፣ እንደ ደንቡ ነዋ። አጥፍታለች፣ ስለ እኛ ብለህ ማራት አልነው።”

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ማን አጠፋ ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ ጎንበስ ይላል፤ ያኛውም ወገን አፍሮ እኔም አጥፍቻለሁ ይላል፣ ነገሩ ይበርዳል። ያ ሰውዬ ይህን ከየት ይወቀው? አመሰግናለሁ አልኳቸው። ምን ልበል? መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ዳዊትን አላናግረውም።

ረቡዕ፣ ሜይ 15
እንደፈራሁት። ሁለተኛ ደብዳቤ። ወኪሎችሽ መጥተው የጻፍሽው ሐሰት መሆኑን አምነዋል ይላል። የምፈርምበትን ወረቀትም አዘጋጅተው ልከዋል። ለጠበቃዋ ደወልኩ። ከባድ ነው፣ ግን ሽማግሌው አንቺ ሳትልኪያቸው እንደሄዱ ከመሰከሩ አላለቀም አለች። ጋሼን? በዚህ ዕድሜያቸው ስለ እኔ ለጠበቃ ቃላቸውን ይስጡ?

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይል ነበር አባቴ። እኔ የተናገርኩት እኮ የወለድኳት እንዳትጠፋ ነው። ሜሮን ታስላለች። በእንግሊዝኛ ደህና ነኝ ትለኛለች፣ እንዳላስብ።

ሐሙስ፣ ሜይ 16። ከሰዓት 10
ጋሼ ቤት ሄድኩ። ደብዳቤውን ተርጉሜ አነበብኩላቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ብለው እንደነበር ነገሩኝ፣ አቀርቅረው። አሳዘኑኝ፤ ንዴቴ ሁሉ ጠፋ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ።

“እሱስ? የራሱን ጥፋት አመነ?”

የለም፣ አንድም ቃል የለም አልኳቸው።

ቀና አሉ። እኛ ጎንበስ ስንል እሱ የሚጽፍ ከሆነ ይሄ እርቅ አይደለም አሉ። መነጽራቸውን አድርገው፣ እኔ እንዳልላክኋቸውና ስለ ጭሱ አንድም ነገር እንዳልተነጋገሩ በአማርኛ ጽፈው ፈረሙልኝ። ከዚያ ያን ቤት ለቤት ያስፈረምሽበትን አቤቱታ አምጪው፣ እኔም ልፈርም አሉ። ያኔ ፊርማ ሳሰባስብ በራቸውን ሳንኳኳ በነገር አልገባም ብለውኝ ነበር።

ዓርብ፣ ሜይ 17። ጠዋት 3 ሰዓት
አልፈረምኩም። የጋሼን ቃል አስተርጉማ እንድትልከው ለጠበቃዋ ሰጠሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ፋብሪካው መስፋፋት ማክሰኞ ነዋሪ ያዳምጣል፤ ደውዬ ለመናገር ተራ ቡክ አደረግሁ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ከፈለግሽ ስም ሳትጠቅሺ “ነዋሪ” ብዬ ልመዝግብሽ አለች፤ ደግ ናት። የለም አልኩና ስሜን ከነአባቴ ፊደል በፊደል ነገርኳት። ሦስት ደቂቃ ሰጠችኝ።

ዳዊት በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ቤቱስ? አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ማክሰኞ ከሥራ ቀርቼ አብሬሽ እገባለሁ አለ። እፈራለሁ ደብተሬ። ግን እናገራለሁ።