የባልቴቷ ጭቃ

መጋቢት 3
አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ጭቃዬን ጣለብኝ። ለዓይኔ ቀዶ ጥገና አራት ቀን ሐኪም ቤት ተኛሁ፤ ስመለስ የኤሊዬ፣ የባልቴቷ ገንዳ በሳሙና ተፈግፍጎ እንደ ሳህን ያበራል።
«ጭቃውስ?»
«አባባ፣ ቤቱን አገማው እኮ። በጋሪ አውጥቼ ጓሮው ጥግ ደፋሁት።»
«ባልቴቷስ?»
«አላየኋትም። ሁለት ወር ምግብ ካልነካች... ሞታ በስብሳ ይሆናላ።»
ድንቄም የእንስሳት ሐኪም! የጭቃ ኤሊ ውሃ ሲጎድል ጭቃ ውስጥ ገብታ ዝናብ እስኪመጣ እንደምትተኛ አያውቅም። እኔ በየበጋው ሆን ብዬ ነው ውሃዋን የማጎድለው፣ እንደ መጣችበት ረግረግ። «የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሰው ይህን አማች አላየም።

መጋቢት 4
ቁልሉን አየሁት። ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እሷ ውስጡ ናት። አማቼ አካፋ ይዞ መጣ።
«ቆፍሬ ላውጣልዎት?»
«ለሁለት ልትከፍላት? አካፋህን ይዘህ ወደ ላሞችህ!»
ለውሻ ብዬ ዙሪያውን ቆርቆሮ አቆምኩ። ዝናብ እስኪመጣ አትነካም። ታፍና ቢሆንስ?... አይ።

መጋቢት 19
የድሮ ደብተሮቼን ሳገላብጥ ዋልኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ከታችኛው ረግረግ በባልዲ ሳመጣት መዳፌን አታክልም ነበር። መጽሐፍ አልነበረኝም፤ አይቼ ነው የተማርኩት። ትልና ቀንድ አውጣ እንደምትወድ። አንገቷን ወደ ውስጥ ሳትስብ ወደ ጎን እንደምታጥፍ። ስትቆጣ እንደምትገማ። በየክረምቱ የገንዳውን ግራ ግድግዳ ስትቧጭር እንደምትውል... «ጥፍሯን እየሞረደች ነው» ብዬ ጽፌያለሁ።
አማቼ አንድ ቀን ሰላጣ ሰጥቷት ነበር። ሎሚ መጭመቅ ብቻ ነው የቀረው።

ሚያዝያ 11
ዝናብ የለም። ቁልሉ ጡብ ሆነ።
ምሳ ላይ ልጄን «ባልሽ ጨው ያቀብለኝ በይው» አልኳት። ፊት ለፊቴ ነው የተቀመጠው።

ግንቦት 2
ልጄ በርጩማ ይዛ ቁልሉ ዘንድ አጠገቤ ተቀመጠች።
«አባባ፣ ከወጣች ገንዳው ውስጥ ልትመልሳት ነው?»
«ታዲያ የት ላድርጋት? ሆቴል ልከራይላት?»
«እሷ የት መሄድ እንደምትፈልግ አስበህ ታውቃለህ?»
ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር... ኤሊ ይጠየቃል እንዴ?

ግንቦት 23
ዘነበ!

ግንቦት 24
ቁልሉ ራሰ። ምንም የለም። አማቼ በመስኮት ያያል። ይይ።

ግንቦት 25
ጠዋት ጭቃው ተነቃነቀ። መጀመሪያ አፍንጫ። ቀጥሎ አንድ እግር። ከስታለች፤ ግን አለች! ዞር ብዬ «ሞታ በስብሳ» ያለውን አየሁት። እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቆሟል።
ገንዳውን የዝናብ ውሃ ሞልቼዋለሁ። ትሉ ተዘጋጅቷል። በገንዳው በኩል ያለውን ቆርቆሮ አነሳሁላት።
ቆመች። አንገቷን አወጣች። ጀርባዋን ሰጥታኝ በረግረጉ በኩል ያለውን ቆርቆሮ መቧጨር ያዘች። አንስቼ ወደ ገንዳው አዞርኳት። ተመለሰች። ሦስት ጊዜ አዞርኳት፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። ግትር! ከማን ተማረችው?
ያ ድምፅ... አውቀዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ክረምት ሰምቼዋለሁ። የገንዳው ግራ ግድግዳ ወዴት ነው የሚያየው? ወደ ረግረጉ።
«አባባ...» አለ አማቼ።
«ዝም በል። በዚያ በኩል ያዝልኝ።»
ከመጋቢት ወዲህ ለእሱ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ነው። ቆርቆሮውን ለሁለት አነሳነው። በሥሩ ሾለከች። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።

ግንቦት 26
ገንዳውን ለልጄ ሰጠኋት፤ ልብስ ትዘፍዝፍበት።
«ጥፍሯን እየሞረደች ነው» የሚለውን ከደብተሩ አልሰረዝኩም። የጻፍኩትን አልሰርዝም።
ራት ላይ አማቼ ሳልጠይቀው ጨው አቀበለኝ። ተቀበልኩት። ልጄ ነገሩን ልታነሳ አፏን ከፈት ስታደርግ እጄን አነሳሁ። የኤሊዋ ነገር በዚህ ቤት አይነሳም። እኔም አላነሳውም፤ ለዚህ ደብተርም ቢሆን። በቃ።