ጽዋ ላይ የወጣው ወረቀት

ይድረስ ለወንድም ዓለም አንሙት፤

ነገሩ የተበላሸው አቶ ቢተው ከጋቢው ሥር አጥፎ የያዘውን ወረቀት አውጥቶ አባባ ጉልበት ላይ ያስቀመጠ ጊዜ ነው። ጽዋው ገና አልተባረከም፤ ዳቦውም አልተቆረሰም። አንተ በስልክ የሰማኸው የእሱን ወገን ወሬ ስለሆነ ነው ሰላምታውን ያዘገየሁት።

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ? ሔዋንስ፣ የኔአለምስ እንዴት ናቸው? የሐዋሳ ሙቀት ለመዳችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሆዴ ግን እሳት ነው።

ባለፈው ወር ለገበሬ የመጣው ማዳበሪያ እርጥበት ገብቶት እንደ ድንጋይ መጋገሩን “የደጋ ሰው” በሚለው የፌስቡክ ገጼ ላይ ዘገብኩ። ስምንት ገበሬዎች በስማቸው ተናገሩ። የመጋዘኑን ኃላፊ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅሁት፤ “ከአንቺ ጋር አላወራም” አለኝ፤ ያንኑ ጻፍኩ። አርባ ኩንታሉን ስድሳ ብዬ ተሳስቼ ነበር፤ በዚያው ቀን ስህተቴን ከላይ ጽፌ አረምኩ። ሬዲዮ ጣቢያው ድምፁን ከቪዲዮዬ ወስዶ ሲያስተላልፍ ግን ስድሳው እንዳለ ቀረ። በስህተቱ በክፉ የተነሳው ግን የእኔ ስም ብቻ ነው።

በሳምንቱ ስለ ማዳበሪያው መግለጫ ይሰጣል ሲባል ሄድኩ። መግለጫውን የሚሰጠው የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ያው አቶ ቢተው ነው። “ባጅሽስ?” አለኝ። ባጁን የሚሰጠው እኮ እሱ ራሱ ነው! ገጼን እንደ መገናኛ ብዙኃን ለማስመዝገብ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ቢሮ የለሽም ሲለኝ ተከራየሁ። ማኅተም የለሽም ሲለኝ ላስቀርጽ ብሄድ ፈቃድ አምጪ አሉኝ። ፈቃዱ ያለ ማኅተም፣ ማኅተሙ ያለ ፈቃድ አይሰጥም። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት፣ “ስልክ የያዘ ሁሉ ጋዜጠኛ ከሆነማ በግ የጎተተ ሁሉ ባለ ልኳንዳ ነዋ!” ብሎ አዳራሹን አሳቀው። ድምፄን የወሰደው የሬዲዮው ጌቱ ከሁሉም በላይ ሳቀ። “ጋሼ፣ እሷ እኮ ፌስቡከኛ ናት፤ ላይክ ስጧትና ትሂድ” አለ። ጥበቃው ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ይህንንም ጻፍኩት፤ ሰው ተቀባበለው።

አባባና አቶ ቢተው የአንድ የጊዮርጊስ ማኅበር ጠጪዎች መሆናቸውን ታውቃለህ። የተጣላ ሳይታረቅ ጽዋ አይነሳም። ግንቦት 23 ደግሞ ተራው የአባባ ነበር። ድግሱ ተደግሶ እኔን ከደብረ ማርቆስ አስጠሩኝ። እውነቴን ነው ወንድም ዓለም፣ የሄድኩት ይቅር ልል ነበር።

ወረቀቱ “ያቀረብኩት ሁሉ የግል አስተያየት እንጂ የጋዜጠኝነት ሥራ አይደለም፤ ገጹም የማስታወቂያ ገጽ ሆኖ እንዲመዘገብ ተስማምቻለሁ” ይላል። “ፈርሚ ልጄ፣ አባትሽን አታሳፍሪ” አለኝ አቶ ቢተው፣ እንደ ክርስትና አባት ለስልሶ። አባባ እስክርቢቶውን አቀበሉኝ።

ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴው መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው ጣልቃ የገቡት። “ቢተው፣ በዚህ ማኅበር ሰው ሲታረቅ ጉልበት ይሳማል እንጂ መቼ ፊርማ ተሰበሰበ?” አሉት። “መሪጌታ፣ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው” አለ። “እንግዲያስ መንግሥትህን ቢሮህ አስቀምጠህ ና!” አሉት። ሰው ሳቀ። እኔም “በስማቸው የተናገሩትን ስምንት ገበሬዎች ውሸታም የሚያሰኝ ወረቀት አልፈርምም” ብዬ እስክርቢቶውን መለስኩ። አቶ ቢተው ጽዋውን ሳይቀምስ ወጣ፤ አራት ሰዎች ተከተሉት። ጠላው በእንስራው፣ ዳቦው በመሶቡ ቀረ።

አባባ ከዚያ ቀን ወዲህ አያናግሩኝም። ያንገበግበኛል፤ አልክድህም። ዓመት ሙሉ የጠበቁት ተራ ነበር። ግን አንተስ? ለእኔ ደውለህ “ምን ሆነሽ ነው?” ሳትል ለእሳቸው ደውለህ “አንድ ፊርማ ምን አላት፣ በሏት ትፈርም” ብለሃል። ባለፈው ክረምት የደጀን መንገድ ሲዘጋ “ቁርጡን ንገሪኝ፣ ልነሳ ወይስ ልቅር?” ብለህ የጻፍከው ለማን ነበር? ለጌቱ ሬዲዮ? ያን ጊዜ ባጄን አልጠየቅኸኝም።

ለሔዋን የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እሷ ብቻ ናት ደውላ “አይዞሽ” ያለችኝ። የኔአለምን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳምልኝ። እማማ ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ላንተ ያስቀመጠችው በሶ ሰው ሲገኝ ይላካል።

ለአባባ ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ድግሳቸው በእኔ ምክንያት ተበላሽቷልና። ለጻፍኩት ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ጋዜጠኛ መሆን አለመሆኔን ሌላ ሰው ከአባቴ ጋር ተነጋግሮ እንዲወስንልኝ ከእንግዲህ አልቀበልም፤ ያ ሰው አንተም ብትሆን።

እህትህ ጥሩብርሃን
ደብረ ማርቆስ
ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.