በመቃብርሽ ላይ የበቀለው እሾህ

የልጄ እናት፣ የዕድሜዬ ባልንጀራ ዘሃራ ሆይ፤

ከተለያየን እነሆ ሁለተኛው ክረምት ወጣ፤ ማሽላውም ዳግመኛ አሽቶ፣ ወፍ ጠባቂዎች በየማማቸው ወጥተው ወንጭፋቸውን የሚያጮኹበት ወራት ደረሰ። አላህ መቃብርሽን እንዲያሰፋልሽና እንዲያበራልሽ በየሶላቴ መጨረሻ እለምናለሁ፤ ይህን ግን ታውቂዋለሽ ብዬ ስለማስብ አላስረዝመውም። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ሙሾ ላወርድ አይደለም። በሕይወት ሳለሽ አንድ ነገር ግራ ሲገባኝ መጀመሪያ ላንቺ እነግርሽ፣ አንቺም አስቀድመሽ ትስቂብኝ፣ ነገሩም የሚገለጥልኝ ከሣቅሽ በኋላ ነበርና፣ አሁን ግራ ያጋባኝ ነገር ከራስሽ ማረፊያ ላይ ስለበቀለ፣ ከአንቺ በቀር ለማን አወራዋለሁ ብዬ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ልጃችን መዲና ፍየሎችሽን ተረክባለች፤ አንቺ አቀማጥለሽ ያበላሸሻት ጥቁሯም ዛሬም ሳትጠራ እልፍኝ ትገባለች። አንቺ ትቀመጪበት በነበረው የደጃፍ ድንጋይ ላይ ከአንቺ በኋላ ማንም አልተቀመጠም ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን እኔው ራሴ ተቀምጬበታለሁ፤ ተቀምጬም ከዚያ ላይ ተራራው ከሌላው ሥፍራ ሁሉ ይልቅ ጎልቶ እንደሚታይ ሳይ፣ ያን ቦታ ለምን እንደመረጥሽው ዘግይቶ ገባኝ።

ስለዚያ ተራራ ዕድሜ ልካችንን መከራከራችንን አልረሳሽም። እኔ በልጅነቴ ተራራው በቁጥቋጦ ተሸፍኖ፣ የጠፋ ጥጃ በአንገቱ ቃጭል ድምፅ ካልሆነ በዓይን የማይገኝበት ነበር ስልሽ፣ ከዋጃ ሙሽራ ሆነሽ የመጣሽው አንቺ ደግሞ የተላጨ ድንጋይ ብቻ እንደጠበቀሽ ትናገሪ ነበር። «አንተ የምታወራው ጫካ የበቀለው ካፍህ ላይ ነው» ትዪኝ ነበር፤ አስከትለሽም፣ ሙሽራ አዲስ አገር ስትገባ ከአማቷ ፊት ቀጥላ የምትመረምረው ማገዶ የሚገኝበትን ሥፍራ ነውና በዚህ ነገር ከአንተ ይልቅ እኔ እታመናለሁ ብለሽ ትረቺኝ ነበር። እኔ አንቺን ድካምሽን አጋነንሽ እላለሁ፤ አንቺ እኔን ልጅነቱን አስጌጠ ትያለሽ፤ በዚህ አኳኋን ሳንታረቅ ተለያየን።

ከአንቺ በኋላ፣ ክርክሩን የምቀጥልበት ሰው ባጣ፣ በዕድሜ ሁለታችንንም ወደሚቀድሙት ወደ አባ ይማም ሄጄ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ቁጥቋጦም አልነበረም፣ ራቁትም አልነበረም፤ ሣር ነበር። የአባቴን ቤት ክዳን ያጨድነው ከዚያ ነው» አሉኝ። እንግዲህ ሦስት ምስክር፣ ሦስት ተራራ ሆነ። በመጀመሪያ ከሦስቱ አንዱን ለመምረጥ ቃጣኝ፤ ኋላ ግን አባ ይማም በልጅነታቸው እረኞች በአሮጌው ሣር ላይ በየበጋው እሳት ይለቁበት እንደነበር፣ እሳቱም ያንን ልማድ ሰዎች ሲተዉት እንደቀረ ጨምረው ሲነግሩኝ፣ ነገሩ በፊቴ ተተረተረ፤ እሳቱ ሲቀር፣ ከብቱም ሣሩን ሲጨርስ፣ ቁጥቋጦው ቦታ አገኘ፤ ያ የእኔ ተራራ ነው። ክፉው ቀን ሲመጣ ደግሞ ሰው የሚሸጠው ቢያጣ ቁጥቋጦውን እየቆረጠ በሸክም ወደ ቆቦ ገበያ አውርዶ በእህል ለወጠው፤ የተረፈው የአንቺ ተራራ ነው። በአንድ ተራራ ሥር አብረን የኖርን መስሎን በየራሳችን ተራራ ሥር ኖረናል፤ ሁለታችንም አልዋሸንም።

ዛሬ ደግሞ አራተኛው ተራራ ቆሟል። ከሩቅ ሲታይ እጅግ ለምለም ነው፤ መንገደኛው ሁሉ አገሩ ዳነ ይላል። ሆኖም ጉልበቴ እንደፈቀደልኝ ወጥቼ ብመለከት፣ ከግርጌ እስከ ወገቡ የሞላው ክትክታና ደደሆ ነው፤ ሁለቱም ፍየል አፍንጫዋን አስጠግታ የምታልፋቸው ናቸው። ፍየል የምትወደው ለንቋጣ የለም፤ እሾሃሙም ግራር ከተቆረጠ በኋላ ጭንቅላቱን ቀና ባደረገ ቁጥር ለጋው እየተቀነጠበ አላደገም። መዲና ስለዚህ ነገር፣ «ሰው ለምለም ነው ይላል፤ ፍየሎቼ ግን ጾመው ነው የሚያልፉበት» አለችኝ። አሁን ያለውን ተራራ የተከለው ሰው አይደለም፤ ፍየል ሳትበላ የተወችው ነው የቀረው፤ ይህን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ይህን ሁሉ ያተትኩልሽ በቀብርሽ ዕለት የሆነውን እንድትረጂልኝ ነው። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ጅብ እንዳይቆፍር እሾህ ይከመርበት ዘንድ የአገራችን ደንብ ነውና፣ ጎረምሶቹ መጥረቢያ ይዘው ወደ ተራራው ሮጡ። በዚያ ሁሉ ለምለም መካከል ግን እሾህ አጡ። ክትክታ አይወጋም፤ ደደሆም አይወጋም። ከመቃብሩ ሥፍራ ደግሞ አጋሙና ቁርቁራው ሞልቶ እያለ፣ በዚያ የበቀለ ሕያው ነገር ፈጽሞ አይቆረጥምና ማንም እጁን አልሰነዘረበትም። ፀሐይም እያዘቀዘቀች ስትሄድ ጎረቤታችን ሰይድ፣ ከዋናው መንገድ በስተምሥራቅ፣ በሜዳው ላይ ካለው የማሽላ ማሳው አጥር በጋሪ እሾህ ጭኖ መጣ። ያ እሾህ ከአፋር ሜዳ ወደ እኛ የተሻገረው፣ የግብርና ባለሙያዎች ፕሮሶፒስ፣ ገበሬዎቻችን ደግሞ መጤው እሾህ የሚሉት ነው። ሲቆረጥ ፍሬው በቅርንጫፉ ላይ ነበረ። ይህን ማንም ልብ አላለም፤ እኔም አላልኩም፤ ስለ ሰይድ ደግነት ዱኣ አድርገን ተመለስን።

በመጀመሪያው ክረምት፣ የደረቀው እሾህ ሥር ቀጭን አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። በመቃብር ላይ እርጥብ ነገር እስካለ ድረስ አላህን እያወደሰ ለሟቹ ተስቢሕ ያደርግለታል ብለን ያደግን ሰዎች ነንና፣ ወሬው በመንደሩ ተሰማ፤ ከሮቢት ድረስ መጥተው ያዩት አሉ። የማንም መቃብር እንዲህ ፈጥኖ አልለመለመም ሲሉኝ እኔም በልቤ ኮራሁ። ዳሩ ግን በበጋው ሌላው ሁሉ ሲጠወልግ እሱ ብቻ እየለመለመ፣ በሁለተኛው ክረምት ከቁመቴ በላይ ሆነ። መዲና አንድ ቀን ፍየሎቿን በዚያ ስታሳልፍ ከመቃብሩ ሥፍራ ውጭ ቆማ ትኩር ብላ ካየችው በኋላ፣ «አባዬ፣ ይኼ እኮ የሰይድ አጥር ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንደዚያ ከሆነ ዘንድ ጠባዩን ልወቅ ብዬ ተነሣሁ። በባጃጅ እስከ ሮቢት ሄጄ፣ ከዚያ በምርኩዜ ወደ ሜዳው ወረድኩ። አንድ ጊዜ ማሽላ ሲታጨድበት ያየሁት ማሳ፣ ዛሬ ሰው ጎንበስ ብሎ እንኳ የማይገባበት ጥሻ ሆኗል፤ ከሥሩም ሣር የለም፤ መሬቱ እንደ አውድማ የተጠረገ ነው። በዚያ ያገኘሁት አንድ የአፋር ባለግመል፣ «ሲመጣ ጥላ ነው ብለን ወደድነው፤ አሁን ግመሌ መግቢያ አጣች» አለኝ፤ ይህንም እያማረረ ከዚያው ከጥላው ሥር አልተነሣም። ፍየሎችም የወደቀውን ፍሬ እንደ ቆሎ ሲለቅሙት አየሁ። ስመለስ ከፍሬው ጥቂት፣ ፍየሎቹም ከጣሉት በጠጥ ጥቂት ይዤ መጣሁና፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚበቅል ለማየት በሁለት ቆርቆሮ ለይቼ ዘራሁት። ሰይድ ይህን አይቶ፣ «አባ ሙሄ በስተርጅና የእሾህ ገበሬ ሆኑ» ብሎ አሳቀብኝ። በበጠጥ ውስጥ የነበረው ቀድሞ በቀለ። የፍየል ሆድ ደንዳናውን ቅርፊት ያለሰልስለታል ማለት ነው፤ ፍየል ጠልታ የተወችው ተራራውን ከሞላ፣ ወድዳ የበላችው ደግሞ ሜዳውን ይሞላል፤ ሱብሃነላህ፣ ይህች እንስሳ በሁለት መንገድ አገር ትለውጣለች። ቡቃያዎቹን ከነሥራቸው ነቅዬ አቃጠልኳቸው።

መጤ ስለሆነ ብቻ እንዳልጠላው ግን አንቺ ከለከልሽኝ። በለስም ከባሕር ማዶ መጣ ይባላል፤ ልጆቻችን ግን በእሱ አድገዋል። አንቺም ከዋጃ መጥተሽ፣ ከመንደሩ ሴቶች ሁሉ ይልቅ የመንደሩ ሴት ሆነሻል። ስለዚህ ከየት መጣህ ከማለት ይልቅ፣ ከመጣህ በኋላ አጠገብህ ማን ኖረ ብዬ መጠየቅ መረጥኩ። በመቃብርሽ አጠገብ፣ እኛ ከመወለዳችን በፊት ጀምሮ የነበረው ለንቋጣ በእሾሁ በኩል ያለው ጎኑ ደርቋል። በተራራው የጠፋው ለንቋጣ በአካባቢያችን የቀረው በዚያ ሥፍራ ብቻ ነው፤ የቀረውም የመቃብር ሕያው አይቆረጥም በሚለው ደንብ ብቻ ነው። ያው ደንብ ዛሬ እሾሁን ይጠብቀዋል። አበባ አውጥቷል፤ ፍሬ ከቋጠረ ፍየሎቹ ይበሉታል፤ ከበሉት ደግሞ ከመቃብሩ እስከ ደጃችን ያለው መንገድ ሁሉ የእሱ ይሆናል፤ መዲናም በፍየሎቿ የምታድር ልጅ ናትና መሄጃ ታጣለች።

ባለፈው ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። የሟቿ ባል ነህና አስቀድመህ ተናገር አሉኝ። እኔ ይነቀል አልኩ። አባ ይማም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ዛሬ እሾህ ነው ብለን አንዱን ከነቀልን፣ ነገ ሌላው ማገዶ ነው ብሎ አጋሙን ይነቅላል። ደንብ አጥር ነው፤ አንድ ቦታ ከተከፈተ ከብቱ ሁሉ የሚገባው በዚያ ነው» አሉ። ልክ ናቸው። ሆኖም አባቶቻችን ሕያው አይቆረጥ ያሉት በዚያ ሥፍራ ሕያዋኑ ሁሉ እንዲኖሩ እንጂ፣ አንዱ ሌሎቹን ጨርሶ ብቻውን እንዲኖር አይመስለኝም አልኩ። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ፣ ያመጣሁት እኔ ነኝና መንቀሉም በእኔ እጅ ይሁን አለ። በመጨረሻ አባ ይማም፣ «ዘሃራ ብትኖር ይኼኔ ነቅላው፣ እኛንም ቁርስ አብልታን ነበር» ብለው አሳቁንና ፈቀዱ፤ ነገር ግን ከእሾሁ ማንም እንዳይጠቀም፣ ለአጥርም ለምድጃም እንዳይሆን፣ ገደል ውስጥ ተቃጥሎ እንዲቀር፣ ይህም ፈቃድ ለዚህ እሾህ እንጂ ለሌላ ቁጥቋጦ እንዳይሆን ወሰኑ። ጥቅም ከሌለበት ማንም ደንቡን ለማፍረስ አይሽቀዳደምምና፣ የተከፈተው አጥር በዚያው ተዘጋ።

በማግሥቱ ጠዋት እኔና ሰይድ ሄድን። ግንዱን ከቆረጥን በኋላ ሥሩን ስንከተል፣ በመጀመሪያ በዶማ፣ ከዚያ በማጭድ ጫፍ፣ በመጨረሻም በእጃችን ቆፈርን። ከጎን የተዘረጉት ሥሮች በቀላሉ ተነቀሉ፤ ዋናው ግን እንደ ገመድ ተወጥሮ ቁልቁል ወረደ። ከአንድ ክንድ በላይ እንደሄድን ሰይድ እጁን አቆመና ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ገባኝ። ከዚያ በታች ያለው ያንቺ ቤት ነው፤ ያንቺን ቤት ደግሞ እኔም ሆንኩ ማንም ሰው የመክፈት መብት የለንም። ሥሩን በደረስንበት ልክ ቆርጠን አፈሩን መለስን።

አልሞተም። ይህ እሾህ ከተተወ ሥር ዳግመኛ እንደሚያቆጠቁጥ በሜዳው ላይ አይቻለሁ፤ ከአንቺ ዘንድ ሆኖ ወደ ላይ ቡቃያ መላኩን አይተውም። ስለዚህ አልረሳሽም ብዬ እንደ ሌላው ሰው በአፌ ብቻ ቃል አልገባልሽም፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ በልግም ይሁን ክረምት፣ ከራስጌሽ ተንበርክኬ ያቆጠቆጠውን በጣቴ ቀጥፌ፣ የለንቋጣው የደረቀው ጎን ቅጠል ጀምሮ እንደሆነ አይቼ፣ ያየሁትን ለአንቺ ነግሬ እመለሳለሁ። የእኔ ጉልበት እምቢ ሲል ሰይድ እንዲተካኝ ቃል አስገብቼዋለሁ። ትናንት ማታ ሰማዩ ደመና አዝሎ አድሯል፤ ነገ እመጣለሁ።

ያንቺው ሙሄ