የቦምቤይ ወንበር

ጥር 14 ቀን 1979 ዓ.ም፣ አሰላ

ታደሰ ዛሬ ተመለሰ። ቦምቤይ ደርሶ የመጣ እንዳይመስል፤ ከአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

ልጃችን ሂሩት በሆስተስነት አምስት ዓመት ስላገለገለች፣ ለወላጅ የሚሆን አንድ ነፃ ትኬት ተሰጣት። «አንተ ሂድ» ያልኩት እኔው ነኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ጂኦግራፊ ሲያስተምር እስያን በጠመኔ ይሥላታል እንጂ ባሕር እንኳ አይቶ አያውቅም። ለመውጫ ቪዛው አራት ወር ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ። የቪዛው ቀን ነገ ያልፋል።

በነፃ ትኬት የሚሳፈር ሰው የሚገባው ወንበር ከተረፈ ነው። አንድ ወንበር ተረፈና ስሙ ተጠራ። ከኋላው ግን እንደሱ ተራ የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ልጃቸው ታሞ ቦምቤይ ሆስፒታል ተኝቷል።

«እናቴን የሚያህሉ ሴት ቆመው እኔ ልቀመጥ?» አለኝ።

«አውቶቡስ መሰለህ እንዴ!» ብዬ ጮህኩበት። «ለስንቅ የቋጠርኩልህ በሶስ የታለ?»

«ለመንገድ ይሁንዎት ብዬ ሰጠኋቸው።»

ምሳውን አቅርቤለት እንደተቆጣሁ ጓዳ ገባሁ። እዚያ ሆኜ ግን ሳቄ መጣ። እኔስ ታደሰን የት ነው ያገኘሁት? ከሁሩታ በሚመጣው አውቶቡስ ውስጥ አይደል? አሰላ እስክንደርስ እሱ ቆሞ ነው የመጣው። እኔ የተቀመጥኩት እሱ በለቀቀልኝ ወንበር ላይ ነበር።